አሠልጣኝን በተጫዋቾቹ ዐይን መመዘን

ከዚህ ተቋም ተመርቃችሁ ወደ ሞርሲቶም ይሁን ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜም ይሁን ወደ አንጋጫ ስትመደቡ፣ ርእሰ መምህሩ ከመማሪያ መጽሐፍና ከጠመኔ ጋር አንድ ፊሽካ ሳይሰጣችሁ አይቀርም። በተለይ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መምህር የሆነ ሰው በክፍለ ጊዜው አስተምሮ ብቻ ወደ ቤቱ አይገባም። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ፣ የመረብ ኳስና የሩጫ ቡድን እንዲያሠለጥን ይጠበቅበታል። «አሠልጣኝ» የሚለው ስም የሚሰጠው ያለ ሹመት ደብዳቤ ነው።

ይህ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ለማየት ወደ በቆጂ መመልከት ይበቃል። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ሁላችንም ኦሊምፒክ የሚደርስ ልጅ አናሠለጥንም። ነገር ግን ልጁ ሜዳ መውጣቱን የሚወደውም ሆነ የሚጠላው በአብዛኛው በመጀመሪያው አሠልጣኙ ጠባይ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የአሠልጣኝ ጠባይ እንዴት ይመዘናል? መዛኙስ ማን ነው?

ብዙ ሰው «በዋንጫው ነዋ!» ይላል። ዋንጫ ግን ስለ ጠባይ የሚናገረው ጥቂት ነው። ረጃጅምና ፈጣን ልጆች የደረሱት ቡድን ማንም ቢያሠለጥነው ያሸንፋል። ሌላው ደግሞ «አሠልጣኙን ራሱን ጠይቁት» ይል ይሆናል። ይህኛው ሐሳብ የተፈተነበት ጥናት ስላለ በእርሱ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ምሁራን፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አካባቢ ልጆችን ቤዝቦል የሚያሠለጥኑ 51 ሰዎችን አጠኑ። ተመልካቾች በየጨዋታው ከሜዳው ዳር ተቀምጠው አሠልጣኙ ያደረገውን ሁሉ በ12 ምድብ እየከፈሉ መዘገቡ። ልጁ ሲሳካለት አመሰገነው ወይስ ዝም አለው? ሲሳሳት አጽናናው፣ እንዴት እንደሚታረም አሳየው፣ ተቆጣው ወይስ እንዳላየ አለፈው? እንዲህ እንዲህ እያሉ ከ57,000 በላይ ድርጊቶችን መዘገቡ። የውድድሩ ወራት ሲያበቃ ደግሞ 542 ልጆችን አነጋገሩ፤ አሠልጣኞቹም ስለ ራሳቸው ጠባይ በመጠይቅ መልስ ሰጡ።

ውጤቱ የሚያስገርም ነበር። አሠልጣኞቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩትና ተመልካቾቹ የመዘገቡት፣ ከቅጣት ነክ ጠባዮች በቀር፣ እምብዛም አልተገናኘም። የልጆቹ መልስ ከአሠልጣኞቹ ይልቅ ከመዝገቡ ጋር የተሻለ ተቀራረበ። «እኔ ልጆቼን ሁልጊዜ አበረታታለሁ» የሚለው ሰው ዋሽቶ አይደለም። ዐይኑ ኳሱ ላይ ስለሆነ ከአፉ የሚወጣውን አይሰማውም። ልጁ ግን ይሰማዋል። ይህ በአሠልጣኝ ብቻ የሚደርስ ነገርም አይደለም፤ በማስተማር ልምምድ ወቅት የክፍል ምልከታ የተደረገለት ሰልጣኝ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ከሜዳ ዳር ተቀምጦ መመዝገብ ጥሩ ቢሆንም ሰውና ጊዜ ይፈልጋል። መጠይቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ረገድ በዓለም እጅግ የታወቀው፣ ትውልደ ሕንዳዊው ፓኪያናታን ቼላዱራይ ከሳሌህ ጋር በካናዳ ያዘጋጀው የስፖርት አመራር መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ታትሞ ወጣ። 40 ዐረፍተ ነገሮች ሲኖሩት በአምስት ዘርፍ ይከፈላሉ። 13ቱ ስለ ሥልጠናና ስለ ማስተማር፣ 9ኙ ተጫዋቾችን በውሳኔ ስለ ማሳተፍ፣ 5ቱ ብቻውን ወሳኝ ስለ መሆን፣ 8ቱ ከሜዳ ውጭ ለተጫዋቹ ስለ ማሰብ፣ የቀሩት 5ቱ ደግሞ ስለ ምስጋናና ማበረታቻ ናቸው። ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከ«ሁልጊዜ» እስከ «በጭራሽ» አምስት ደረጃ አለው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጥናታቸው ሲጠቀሙበት እናያለን።

የዚህ መለኪያ ዋናው ብልኃት፣ በእኔ አስተያየት፣ ዐረፍተ ነገሮቹ አይደሉም። በሦስት ቅጽ መዘጋጀቱ ነው። አንደኛው ተጫዋቹ «አሠልጣኜ እንዲህ ቢያደርግ እወድ ነበር» የሚልበት፣ ሁለተኛው «አሠልጣኜ እንዲህ ያደርጋል» የሚልበት፣ ሦስተኛው አሠልጣኙ ራሱ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የሚሞላው ነው። መታየት ያለበት የአንዱ ቅጽ ድምር ሳይሆን በቅጾቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

እስቲ አሁን ይህን መጠይቅ ይዘን ወደ ሞርሲቶ እንውረድ። የመጀመሪያው ችግር ቋንቋ ነው። ልጆቹ በታችኛው ክፍል በሀዲይሳ የተማሩ ናቸው፤ በከምባታ በኩል ከሆነ በከምባቲሳ። አማርኛን በትምህርትነት ያውቁታል፤ ይሁን እንጂ መጠይቅ ላይ የሚጻፈው አማርኛ ለአዲስ አበባ ልጅም ይከብዳል። «አሠልጣኙ ከተጫዋቾች ጋር መደበኛ ያልሆነ ግንኙነትን ያበረታታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ማለት ነው? «ልምምድ ካለቀ በኋላ አሠልጣኛችን ስለ ቤታችን ስለ ጤናችን ያጫውቱናል» ቢባል ግን ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ወደ ሀዲይሳ ሲመለስ ደግሞ አንድ ሰው ይተርጉመው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ያምጣው፤ ከዚያ ሁለቱ ይተያዩ። ያልተገናኘው ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ ጠያቂው የተጻፈውን ያንብብ እንጂ ከራሱ አይጨምር።

ከዚህ የሚብሰው ግን ራሱ የአማርኛችን ሰዋስው ያጠመደው ወጥመድ ነው። «አሠልጣኛችን ስንሳሳት አይቆጡም» ብላችሁ ጻፉና አምስቱን ምርጫ ስጡ። «ደግ ናቸው፣ አይቆጡም» ለማለት የፈለገ ልጅ የትኛው ላይ ምልክት ያደርጋል? «በጭራሽ» ላይ! ምክንያቱም በአማርኛ «በጭራሽ አይቆጡም» ነው የሚባለው። ነጥብ የሚደምረው ሰው ግን ይህን ምልክት «አለመቆጣት በጭራሽ የለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ይቆጣሉ» ብሎ ያነበዋል። ደጉ አሠልጣኝ በወረቀት ላይ ነብር ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ዐረፍተ ነገር ሁሉ በአዎንታ ይጻፍ። «ስንሳሳት ይቆጡናል» ማለት ይበቃል።

ሌላም አለ። ተማሪ መምህሩን «እሱ» ብሎ አያውቅም። «አሠልጣኙ ይሰድበናል» ብላችሁ ብትጽፉ ልጁ ይደነግጣል፤ ወረቀቱን እንደ ብልግና ይቆጥረዋል። በአክብሮት «ይሳደባሉ» ብትሉ ደግሞ የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ ቅርጽ አንድ ስለሆነ «እነማን? ተጫዋቾቹ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ «አሠልጣኛችን» የሚለው ቃል ያለ ስንፍና በየዐረፍተ ነገሩ መደገም አለበት። ለጆሮ አያምርም፤ ምን ይደረግ! መጠይቅ ቅኔ አይደለም።

አምስቱ የመልስ ደረጃዎችም ያስቸግራሉ። «አንዳንድ ጊዜ» እና «አልፎ አልፎ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የትኛው እንደሚበዛ እናንተም እርስ በርሳችሁ አትስማሙም። በዋናው መለኪያ ደረጃዎቹ በመቶኛ 100፣ 75፣ 50፣ 25 እና 0 ተብለው ተገልጸዋል። ልጅን በመቶኛ መጠየቅ ግን ሌላ ፈተና መስጠት ነው። ይልቅስ «ከአራት የልምምድ ቀን በስንቱ?» ብትሉት በጣቱ ቆጥሮ ይመልሳል፦ በአራቱም፣ በሦስቱ፣ በሁለቱ፣ በአንዱ፣ በአንዱም። ስሌቱ ያው አንድ ነው፤ ልጁም አይደናገርም።

ቋንቋው ተስተካከለ እንበል። ይሉኝታስ? በአካባቢያችን ልጅ ስለ ታላቁ፣ ያውም ስለ መምህሩ፣ ክፉ መናገር ነውር ነው። ከነውሩም በላይ ፍርሃት አለ። በትምህርት ቤት አሠልጣኙና ማርክ የሚሰጠው መምህር አንድ ሰው ነውና! ይኸው ሰው ወረቀቱን አድሎ፣ ከፊታቸው ቆሞ፣ «በነፃነት ሙሉ» ቢላቸው ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም። ሁሉም «በአራቱም ቀን» ይሆናል። አንድ ክምር ወረቀት ሙሉ በሙሉ ምስጋና ሆኖ ሲመጣ መምህሩ ደስ ሊለው አይገባም፤ ይልቁንም መጠይቁ እንዴት እንደ ተሞላ ሊጠይቅ ይገባል።

ስለዚህ ወረቀቱን የሚያድለው ሌላ መምህር ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ ልጆቹን የማያስተምር። አሠልጣኙ በዚያ ሰዓት ከግቢው ይውጣ። ስም አይጻፍ። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ የአንድ ክፍል መምህር የተማሪዎቹን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ ያውቃል። ምልክት ብቻ ይደረግ፣ የሚጻፍ ነገር አይኑር፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ ይሙላ። ክፍልና ዕድሜ አይጠየቅ። «ቦታህ የት ነው?» ብላችሁም በረኛውን አትጠይቁ፤ በረኛው አንድ ነው! ወረቀቱ ተጣጥፎ በካርቶን ሣጥን ይግባ፤ ነጥቡን የሚደምረውም አሠልጣኙ አይሁን። ለአሠልጣኙ የሚሰጠው የቡድኑ ውጤት ብቻ ነው፤ ነጠላ ወረቀት አይታይም፣ ሲያበቃም ይቃጠላል። ልጆቹ ይህ ሁሉ እንደሚደረግ አስቀድመው ይነገራቸው፤ ሲደረግም ይዩት።

የ«እንዲህ ቢሆን እወድ ነበር» ቅጽ እና የ«እንዲህ ነው» ቅጽ በአንድ ቀን አይሞሉ። ልጆች ከመሰልቸት የተነሣ አንዱን ከሌላው ይገለብጡታል። 40ው ዐረፍተ ነገር ለታዳጊ ከበዛ ከየዘርፉ ሦስት ሦስት መርጦ 15 ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ያን ጊዜ ውጤቱን በሌላ አገር ከታተመ ጥናት ጋር ማወዳደር አይገባም፤ መለኪያው ተቆርጧልና።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል 12 ልጃገረዶች ያሉበት የመረብ ኳስ ቡድን እንውሰድ፤ ስድስቱ ቋሚ ተሰላፊ፣ ስድስቱ ተጠባባቂ ናቸው። «ጥሩ ስንሠራ አሠልጣኛችን ያመሰግኑናል» ለሚለው «በአራቱም ቀን» 5 ነጥብ፣ «በአንዱም» 1 ነጥብ ብንሰጥ፣ ተሰላፊዎቹ 4፣ 5፣ 5፣ 4፣ 5፣ 4 ሞሉ፤ ተጠባባቂዎቹ 1፣ 2፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2 ሞሉ። ጠቅላላው ድምር 36፣ አማካዩ 3 ነው። ይኸውም «ከአራት ቀን በሁለቱ» ማለት ሲሆን፣ አሠልጣኙም «መካከለኛ ነኝ፣ ደህና ነው» ብሎ ይተኛል። ነገር ግን ወረቀቶቹን መልሳችሁ ብታዩ 3 ብላ የሞላች አንዲት ልጅ እንኳ የለችም! የተሰላፊዎቹ አማካይ 4.5፣ የተጠባባቂዎቹ 1.5 ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት አሠልጣኝ አለ ማለት ነው፤ አንዱ የሚያመሰግን፣ ሌላው ዐይኑን የማይመልስ። ሁለቱም ወገን «በምኞት» ቅጹ ላይ 4.5 ቢሉ፣ የተሰላፊዎቹ ርቀት ዜሮ ሲሆን የተጠባባቂዎቹ 3 ይሆናል። እንግዲህ አማካይ ከማውጣታችሁ በፊት መልሶቹ እንዴት እንደ ተበተኑ እዩ። ስድስት ስድስት ስለሆኑ ለሁለቱ ወገን ሁለት ቀለም ወረቀት ቢታደል የማንም ማንነት አይታወቅም።

አንዳንድ ሰልጣኝ «ብቻውን ወሳኝ» በሚለው ዘርፍ ከፍ ያለ ነጥብ ሲያይ «አሠልጣኙ ጨቋኝ ነው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ይህ ስሕተት ነው። በ2008 ዓ.ም. ያረፉትን ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬን ብንወስድ በጥብቅነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሰሉ ሯጮች በብሔራዊ ቡድን በእርሳቸው ሥር ሠልጥነዋል። ጥብቅነት ተጫዋቹ የሚፈልገው ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ቼላዱራይና ባልደረቦቹ የጃፓንንና የካናዳን የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ሲያወዳድሩ፣ ጃፓናውያኑ ብቻውን የሚወስንና ከሜዳ ውጭም የሚያስብላቸውን አሠልጣኝ ይበልጥ ሲመርጡ፣ ካናዳውያኑ ሥልጠናና ማስተማር ላይ የሚያተኩረውን መርጠዋል። ትእዛዝ ማብዛትና አባት መሆን አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። የእኛዎቹ ልጆች የትኛውን እንደሚመርጡ ግን ከጃፓንም ከካናዳም አይገለበጥም፤ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። ምኞታቸውን ሳንጠይቅ በሌላ አገር ሚዛን የምንፈርድ ከሆነ መጠይቁ ባይሞላ ይሻላል።

ለመጠይቅ የማይሰጥ ነገርም አለ። ልጅ በዱላ ከተመታ፣ ከተደፈረ ወይም በማይገባ መንገድ ከተነካ፣ ያ በአምስት ደረጃ ተመዝኖ አማካይ የሚወጣለት ጉዳይ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከ12 ልጅ አንዷ ብቻ «ይመቱናል» ብትል፣ አማካዩ «ከሞላ ጎደል የለም» ይላል፤ ለመምህሩ ግን ያቺ አንዷ ትበቃዋለች። ወረቀቱን የሰበሰበው ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ሲያይ ደምሮ ማለፍ የለበትም፤ ለሚመለከተው ኃላፊ በቀጥታ ማሳወቅ አለበት። ከዚህ ውጭ ያለው ውጤት ግን ለአሠልጣኙ መማሪያ እንጂ ለዝውውር ወይም ለደመወዝ ማስረጃ ባይሆን ይመረጣል። አንድ ጊዜ ለቅጣት ከዋለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹን «ደህና አድርጋችሁ ሙሉ» ብሎ የሚለምን አሠልጣኝ ይመጣል።

በመጨረሻ የሚነሣው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። መጠይቁ በሚሞላበት ቀን ሜዳ ላይ የሚገኙት የቀሩት ልጆች ናቸው። በአሠልጣኙ ጠባይ ተማርሮ ከመስከረም እስከ ጥር የተወው ልጅ ወረቀት አይደርሰውም። ስለዚህ ክፉ አሠልጣኝ ልጆች በሸሹት ቁጥር ነጥቡ ይሻሻላል! ስሚዝና ስሞል ይህን ሳይዘነጉ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ልጆችን እንዴት ማበረታታትና ማረም እንደሚገባ አጭር ሥልጠና የተሰጣቸውን አሠልጣኞች ካልሠለጠኑት ጋር አወዳደሩ። ቡድኖቹ በማሸነፍ አልተበላለጡም። የሠለጠኑት አሠልጣኞች ልጆች ግን አሠልጣኛቸውንም እርስ በርሳቸውም ይበልጥ ተዋደዱ። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሳይመለሱ የቀሩት ልጆች ሲቆጠሩ፣ ካልሠለጠኑት አሠልጣኞች ዘንድ 26 በመቶ፣ ከሠለጠኑት ዘንድ 5 በመቶ ሆነው ተገኙ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጃችሁ ነው፤ የቡድኑ ስም መጥሪያ። በዓመቱ መጀመሪያ የተመዘገቡትን ስሞች ከዛሬዎቹ ጋር አስተያዩና የጎደሉትን ለዩ። አንዳንዱ ለቤት ሥራ፣ ለእንሰት ፋቂ እናቱ እገዛ ወይም ለገበያ ቀርቶ ይሆናል፤ አንዷ ቤተሰቧ ስለ ከለከላት። የቀሩትን በዕረፍት ሰዓት፣ አሁንም አሠልጣኙ ባልሆነ ሰው በኩል፣ ያንኑ መጠይቅ አስሞሉአቸውና ወረቀታቸውን ለብቻ አስቀምጡት። የሁለቱ ክምር ነጥብ እኩል ከሆነ የቀሩት በሌላ ምክንያት ነው። ከተራራቀ ግን አሠልጣኙ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት የትንሹን ክምር ውጤት ነው።